ድምፅን በፀሐይ ጨረር የላከው ሰው፦ የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሕይወት

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሲባል ሁላችንም ፈጥኖ ትዝ የሚለን ስልክ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስልክን የፈጠረው ማን ነው ስንባል እጃችንን አውጥተን የመለስነው ስም የእሱ ነበር። ቤል ራሱ ግን በስተርጅና ዘመኑ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጥበት የቱ እንደሆነ ሲጠየቅ ስልክን አልጠራም። የጠራው ዛሬ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ የማያውቀውን ፎቶፎን የተባለ መሣሪያ ነው። ፎቶፎን የሰውን ድምፅ ያለ ምንም ሽቦ፣ በብርሃን ጨረር ብቻ ከቦታ ወደ ቦታ ያደርስ ነበር።

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የስማርት ስልክ ካሜራ ከጣሪያ አምፖል ብርሃን ላይ መረጃ እንዲያነብ ለማድረግ የሚደክሙ ተመራማሪዎች አሉ። የያዙት መንገድ የተጀመረው ከ140 ዓመት በፊት፣ ብዙዎቻችን በምንኖርባት ወይም በምናውቃት በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ፣ በዚሁ ሰው ቤተ ሙከራ ነው። ስለዚህ የሰውየውን ሕይወት ከዚህ በኩል ማየቱ ይጠቅማል ብለናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድምፅ የቤተሰቡ እንጀራ ነበር

ቤል የተወለደው በማርች 3 ቀን 1847 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ ነው። ለወላጆቹ ከሦስት ወንዶች ልጆች ሁለተኛው ነበር። አያቱም አባቱም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሰዎች ቃላትን አጥርተው እንዲናገሩ ማስተማር። አባቱ አሌክሳንደር ሜልቪል ቤል ከዚህም አልፈው ማንኛውንም የሰው ድምፅ በምላስ፣ በከንፈርና በጉሮሮ አቀማመጥ የሚያሳይ የምልክት ጽሕፈት ፈለሰፉ። በዚህ ጽሕፈት የተጻፈን ቃል አንድ ሰው ቋንቋውን ጨርሶ ባያውቀውም እንኳ በትክክል ሊያሰማው ይችል ነበር።

እናቱ ኤሊዛ ፒያኖ አሳምረው የሚጫወቱ ሴት ነበሩ፤ ሆኖም መስማት እየተሳናቸው ሄደ። ሌላው ሰው ከእሳቸው ጋር ለማውራት በጆሮ ቱቦ ሲጮህ፣ ትንሹ ቤል አፉን ወደ ግንባራቸው አስጠግቶ በዝግታ ይናገር ነበር። የድምፁ ንዝረት በአጥንት በኩል ይደርሳቸዋል ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህም ይግባቡ ነበር። የጣት ፊደልም ተምሮ እንግዶች በሳሎኑ የሚያወሩትን እአጠገባቸው ተቀምጦ በጣቶቹ ይነግራቸው ነበር። ድምፅ ማለት በጆሮ ብቻ የሚገባ ነገር ሳይሆን የሚንቀሳቀስ፣ የሚነካ፣ ወደ ሌላ መልክ ሊለወጥ የሚችል ነገር መሆኑን የተማረው ከመጽሐፍ በፊት ከእናቱ ነው።

በወጣትነቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆኖ ጉሮሮ፣ ምላስና ከንፈር ያለው ሰው ሠራሽ ራስ ሠሩ። አየር ሲነፉበት እናቱን የሚጠራ ሕፃን የመሰለ ድምፅ ያወጣ ነበር። ጎረቤት ሕፃን የሚያለቅስ መስሎት እስኪመጣ ድረስ ተሳክቶላቸው ነበር ይባላል። የቤቱን ውሻ ሳይቀር እያጉረመረመ መንጋጋውን በእጁ እያንቀሳቀሰ ቃል የመሰለ ነገር እንዲያሰማ አድርጎት ነበር።

ከዚያ ግን ቤቱ ላይ ሐዘን ወረደ። በ1867 ታናሽ ወንድሙ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በ1870 ታላቅ ወንድሙም በዚያው በሽታ ተከተለ። ለወላጆቹ የቀራቸው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ጤናው ደህና አልነበረም። አባቱ ያላቸውን ሸጠው፣ ሥራቸውንና ስማቸውን ትተው፣ አየሩ ይሻለዋል ብለው የቀረውን ልጃቸውን ይዘው ወደ ካናዳ ተሰደዱ። ኦንታርዮ ውስጥ ብራንትፎርድ በተባለች ቦታ ሰፈሩ። ቤል ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። አገር ለቆ መውጣት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይህ የታሪኩ ክፍል ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ቦስተን፣ ሜብልና ስልክ

ቤል በ1871 ወደ ቦስተን ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ። በ1873 ደግሞ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ የድምፅ አካላት ትምህርት ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠረው። ቀን ያስተምራል፤ ማታ በኤሌክትሪክ ሽቦዎች ይሞክራል። እንቅልፍ ያጣ፣ ራስ ምታት የማይለየው ሰው ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሜብል ሀባርድ ትባላለች። በ5 ዓመቷ ስካርሌት የተባለው ትኩሳት ይዟት ከሞት ስትተርፍ የመስማት ችሎታዋን ወሰደባት። አባቷ ጋርዲነር ሀባርድ ሀብታም ጠበቃ ነበሩ፤ በአንድ የቴሌግራፍ ሽቦ ብዙ መልእክት በአንዴ የሚልክ መሣሪያ ይሠራልኛል ብለው ለቤል ገንዘብ ይሰጡት ነበር። ቤል ግን ልቡ ወደ ሌላ አዘነበለ። ሽቦው የነጥብና የሰረዝ ምልክት ብቻ ከሚያመላልስ፣ የድምፅን ሞገድ ራሱን ለምን አይሸከምም? አየር በድምፅ ሲንቀጠቀጥ መጠኑ ከፍና ዝቅ እንደሚል ሁሉ የኤሌክትሪክ ፍሰቱም አብሮ ከፍና ዝቅ እንዲል ማድረግ ይቻላል ብሎ አሰበ።

ቶማስ ዋትሰን ከተባለ እጀ ብልህ ረዳት ጋር ሆኖ ሠራው። የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀቱ በማርች 7 ቀን 1876 ተሰጠው፤ ከሦስት ቀን በኋላ በሌላ ክፍል ለነበረው ለዋትሰን የተናገረው ቃል በሽቦው በኩል ተሰማ። ማመልከቻው በገባበት በዚያው ቀን ኤሊሻ ግሬይ የተባለ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ሐሳብ አስመዝግቦ ስለነበር ጥርጣሬና ክርክር ተነሣ። ጣሊያናዊው ስደተኛ አንቶኒዮ ሜውቺም ከእሱ ቀድሞ የድምፅ ማስተላለፊያ ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ይህን አስተዋፅኦውን በ2002 በውሳኔ አክብሮታል። የቤል ኩባንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክሶችን ተከራክሮ፣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ረታ። ስለዚህ ስልክን አንድ ሰው ብቻውን ፈጠረው ከማለት ይልቅ ብዙዎች ሲጠጉት ቤል ቀድሞ በሕግ ያዘው ብንል ይሻላል።

በጁላይ 1877 ከሜብል ጋር ተጋቡ። የሰርግ ስጦታው በስልክ ኩባንያው ውስጥ የነበሩት አክሲዮኖች ነበሩ፤ ለራሱ 10 ብቻ አስቀርቶ የቀረውን በሙሉ ለእሷ ሰጠ። እሷ ግን ባሏ በፈጠረው ስልክ የሚነገረውን መስማት አትችልም ነበር። የሚናገረውን የምትረዳው ከንፈሩን በማየት ነበር፤ ለሜብል ንግግር የሚመጣው በብርሃን በኩል ነው ማለት ነው።

ብርሃን ሲናገር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1873 ዊሎቢ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ገመድ ለመፈተሽ ሴሌኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ሲጠቀም አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ሴሌኒየሙ ብርሃን ሲያገኝ ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል፤ ሲጨልምበት ይከለክላል። ለመሐንዲሱ ይህ ልኬቱን የሚያበላሽበት ጣጣ ነበር። ቤል ግን ከሰርጉ በኋላ ወደ አውሮፓ በሄደበት ጊዜ ስለዚህ ባሕርይ ሲያውቅ ሌላ ነገር ታየው። ብርሃኑ ከፍና ዝቅ ሲል ኤሌክትሪኩም ከፍና ዝቅ ካለ፣ ከስልክ ማዳመጫ ጋር ሲያያዝ ብርሃንን በጆሮ መስማት ይቻላል ማለት ነው። በ1878 ለንደን ላይ በሰጠው ንግግር በሴሌኒየም ላይ የሚወድቅን ጥላ ድምፅ መስማት እንደሚቻል ለታዳሚው ተናግሮ ነበር።

ወደ ዋሽንግተን ከተመለሰ በኋላ ቻርልስ ሰምነር ቴይንተር የተባለ ወጣት የመሣሪያ ሠሪ ቀጠረ። ኤል በተባለው መንገድ ላይ ቤተ ሙከራ ከፍተው ሥራ ጀመሩ። የተሳካላቸው በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1880 ነው። ሁለተኛ ሴት ልጁ ከተወለደች ገና አራት ቀኗ ነበር። ቤል በደስታ ብዛት ሕፃኗን ፎቶፎን ብሎ ሊሰይማት ፈልጎ ሜብል በዘዴ እንዳስተወችው ይነገራል። ልጅቱም ሜሪያን ተባለች። በዚያው ሰሞን ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ የፀሐይ ብርሃን ሲያወራ፣ ሲስቅ፣ ሲያስልና ሲዘምር ሰማሁ ብሎ በደስታ ገልጾላቸዋል።

መሣሪያው እንዲህ ይሠራ ነበር። በላኪው በኩል እንደ ወረቀት የሳሳ፣ የሚተጣጠፍ መስታወት አለ። የፀሐይ ብርሃን በሌላ መስታወትና በሌንስ ተሰብስቦ እዚህ ስስ መስታወት ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ተንፀባርቆ ወደ ሩቁ ተቀባይ ይሄዳል። ተናጋሪው በመስታወቱ ጀርባ በኩል ሲናገር መስታወቱ በድምፁ ይርገበገባል፤ አንዴ ወደ ውጭ ይወጠራል፣ አንዴ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ሲወጠር ብርሃኑ ይበተናል፣ ሲጎብጥ ይሰበሰባል። ስለዚህ ወደ ተቀባዩ የሚደርሰው የብርሃን መጠን ከንግግሩ ጋር እኩል ከፍና ዝቅ ይላል። በተቀባዩ በኩል ሰፊ ጎድጓዳ መስታወት ብርሃኑን ለቅሞ መሐሉ ላይ ወደተቀመጠው ሴሌኒየም ይወረውረዋል። ሴሌኒየሙ ከባትሪና ከስልክ ማዳመጫ ጋር ተያይዟል። ብርሃኑ ሲለዋወጥ ፍሰቱ ይለዋወጣል፤ ማዳመጫውም የሰውየውን ድምፅ መልሶ ያሰማል።

ትልቁ ፈተና የተደረገው በዚያው ዓመት ጁን ወር ነው። ቴይንተር ፍራንክሊን የተባለው ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ወጣ። ቤል 213 ሜትር ርቆ በቤተ ሙከራው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቴይንተር ለመስታወቱ የነገረው ቀላል ነገር ነው፤ ቤል የሚሰማው ከሆነ ወደ መስኮቱ መጥቶ ባርኔጣውን እንዲያወዛውዝለት ጠየቀ። ቤል መስኮቱ ጋ ብቅ ብሎ ባርኔጣውን አወዛወዘ። በመካከላቸው ሽቦ የለም፤ ያለው የፀሐይ ብርሃን ብቻ ነው። የሰው ድምፅ በሬዲዮ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው ከዚህ ወደ 20 ዓመት ቆይቶ መሆኑን ስናስብ የነገሩ ትልቅነት ይገባናል።

በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ሌላም ነገር አገኙ። እየተቆራረጠ የሚመጣ ብርሃን በብዙ ዓይነት ቁስ ላይ ሲያርፍ ቁሱ ራሱ ያለ ኤሌክትሪክ ድምፅ ያወጣል። ይህ ግኝት ዛሬ ጋዞችን ለመለየትና በሕክምና የሰውነትን ውስጥ ለማየት ለሚያገለግሉ መሣሪያዎች መሠረት ሆኗል።

ዓለም ግን አላጨበጨበም። አንድ ታዋቂ የኒውዮርክ ጋዜጣ የፀሐይ ጨረር እንደ ስልክ ሽቦ በእንጨት ላይ ሊሰቀል ነው ወይ ብሎ ቀለደበት። ቀልዱን ትተን ብናየውም ችግሩ እውነት ነበር። ደመና ሲመጣ መስመሩ ይቋረጣል። ማታ አይሠራም። ጭጋግ፣ ዝናብ፣ የሚያልፍ ወፍ ሁሉ ያግደዋል። በፈለጉት ፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ብርቱ መብራት ገና አልተፈጠረም ነበር። የስልክ ኩባንያውም የመዳብ ሽቦ መዘርጋቱ ትርፍ እያመጣለት ስለነበር ወረቀቱን በመዝገብ ይዞ ተቀመጠ። ጀርመኖች ነገሩን አንሥተው ለወታደራዊ ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ሞክረውታል፤ ለቀሪው ዓለም ግን ፎቶፎን የተረሳ ነገር ሆነ።

ገንዘብ፣ ሐዘንና ጥይት

በ1880 የፈረንሳይ መንግሥት ለስልኩ ሥራ የቮልታ ሽልማትን ከ50,000 ፍራንክ ጋር ሰጠው። ቤል ገንዘቡን በዋሽንግተን የቮልታ ቤተ ሙከራን ለማቋቋም አዋለው፤ በዚያም ከቴይንተርና ከአጎቱ ልጅ ጋር በሰም ላይ ድምፅ የሚቀዳ የተሻለ መሣሪያ ሠሩ።

በ1881 ጁላይ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለ ሐኪሞች ማወቅ አቃታቸው። ቤል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብረትን በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ ሠርቶ ወደ ዋይት ሐውስ ይዞ ሄደ። ፍለጋው አልተሳካም፤ የአልጋው የብረት ጥቅልሎች መሣሪያውን አሳስተውታል፤ ሐኪሙም ጥይቱ አለ ብሎ ካመነበት ጎን ውጭ እንዲፈልግ አልፈቀደለትም። ፕሬዚዳንቱ በሴፕቴምበር ሞቱ።

በዚያው ኦገስት ሜብል ጊዜው ያልደረሰ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ መተንፈስ አቅቶት በሰዓታት ውስጥ ሞተ። ቤል ሐዘኑን ወደ ሥራ መለሰው፤ ደረትን ከውጭ አየር እየሳበና እየገፋ የሚያስተነፍስ ጃኬት ሠራ። ይህ ብዙ ቆይቶ በፖሊዮ ዘመን ስንቱን ያተረፈው የመተንፈሻ ማሽን ቀዳሚ ነው። በ1883 ሁለተኛ ወንድ ልጃቸውም በጨቅላነቱ ሞተ። የቀሩላቸው ሁለቱ ሴቶች ልጆች ናቸው።

የማይታለፈው ቅሬታ

የቤልን ሕይወት ሲተርኩ አንድ ነገር መዝለል ተገቢ አይደለም። እሱ ራሱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆጥረው መስማት የተሳናቸው ሰዎች አስተማሪ አድርጎ ነበር። ሔለን ኬለር በልጅነቷ አስተማሪ እንድታገኝ ወላጆቿን የመራቸው እሱ ነው፤ እሷም በ1903 የሕይወት ታሪኳን ስታሳትም ለእሱ ነው ያበረከተችው።

ሆኖም መስማት የተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ ሳይሆን ከንፈር በማንበብና በአፍ በመናገር ብቻ እንዲማሩ በስሙና በገንዘቡ አጥብቆ ተሟገተ። በ1883 ለአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጥናት መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ መጋባታቸው መስማት የተሳነው ሕዝብ እንዲበዛ ያደርጋል ብሎ ሥጋቱን ገለጸ፤ አብረው የሚማሩባቸውን አዳሪ ትምህርት ቤቶችንም ተቃወመ። በ1921 የሰውን ዘር በማጣራት እናሻሽላለን ባዮች ለጠሩት ዓለም አቀፍ ጉባኤ የክብር ፕሬዚዳንት ሆኗል። የእሱ ሐሳብ ባሸነፈባቸው ትምህርት ቤቶች ልጆች እጃቸውን ለንግግር እንዳያነሡ ተከልክለው አደጉ። ብዙዎች በአፍም በምልክትም ሙሉ ቋንቋ ሳያገኙ ቀሩ። መስማት የተሳናቸው ማኅበረሰቦች ይህን እስከ ዛሬ በቅሬታ ያነሡበታል፤ ቅሬታቸውም እውነት አለው።

ለእናቱ በጣቶቹ ያወራ ልጅ አድጎ የእጅን ቋንቋ መዝጋቱ ይገርማል። ሰውየው ክፉ ስለነበር አይደለም። የሚወዳቸውን ሰዎች ሊረዳ ሲነሣ የሚፈልጉትን ሳይጠይቃቸው ቀረ። ምሕንድስና፣ ሕክምና ወይም ሕግ ተምረን አንድ ቀን ለሕዝባችን እንሠራለን ለምንል ተማሪዎች ይህ ትምህርት ከፎቶፎኑ አያንስም።

የመጨረሻ ዘመን

ቤል በ1882 የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ፤ ቆይቶም የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ልቡ ያረፈው ግን ስኮትላንድን በምትመስለው በካናዳዋ ኖቫ ስኮሻ ነው። በባዴክ አጠገብ ርስት ገዝቶ ቤት ሠራ። እዚያ ትልልቅ ካይቶች አስበረረ፤ በሜብል ገንዘብ ከወጣቶች ጋር ባቋቋመው የበረራ ማኅበር የተሠራችው አውሮፕላን በፌብሩዋሪ 1909 በካናዳ በሞተር የተበረረችበትን የመጀመሪያ በረራ አደረገች። በ1919 ደግሞ ከባልደረባው ጋር የሠራው የውሃ ላይ ጀልባ በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር በመክነፍ የዘመኑን ክብረ ወሰን ያዘ። ቤል ያን ጊዜ 72 ዓመቱ ነበር።

ስልክም በሕይወቱ ሳለ ዓለምን ዞረ። በእኛም አገር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 የቴሌኮም አገልግሎት ተጀምሮ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው መስመር ተዘርግቷል።

ቤል በኦገስት 2 ቀን 1922 በስኳር በሽታ ሳቢያ በባዴክ ቤቱ አረፈ፤ 75 ዓመቱ ነበር። በቀብሩ ሰዓት በሰሜን አሜሪካ ያሉ ስልኮች ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ጸጥ አሉ። ሜብልም ብዙ አልቆየችም፤ በተከታዩ ጃንዋሪ ተከተለችው።

ከፎቶፎን እስከ ኪሳችን ካሜራ

ፎቶፎንን ያሰናከለው ሐሳቡ አልነበረም፤ የጎደሉት ዕቃዎች ናቸው። ዕቃዎቹ አንድ በአንድ መጡ። በ1960 ሌዘር ተሠራ። በ1970 ብርሃንን ሳያባክን ርቆ የሚያደርስ የመስታወት ክር ተገኘ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የምንደውለው ጥሪ አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በብርሃን ነው፤ ቤል ያሰበው ጨረር ደመና በማያገኘው ክር ውስጥ ገብቷል።

ቀጥሎ የመጣው ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ነው። እንደ ድሮው አምፖል እስኪግል ወይም እስኪቀዘቅዝ አይጠብቅም፤ በሴኮንድ ውስጥ በሺዎችና ከዚያም በላይ ጊዜ ሊበራና ሊጠፋ ይችላል። ዓይናችን ያን ሁሉ አይለይም፤ ያለማቋረጥ የበራ ይመስለናል። በጃፓን የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ክፍል የሚያበራው አምፖል መረጃም እንዲልክ ማጥናት ጀመሩ። በ2011 ደግሞ ፕሮፌሰር ሃራልድ ሃስ ላይፋይ ያለውን ይህንኑ ሐሳብ በመድረክ ላይ በመብራት ቪዲዮ እያስተላለፈ አሳየ። መድረኩ የነበረው ኤድንብራ ነው፤ ቤል በተወለደባት ከተማ።

የስማርት ስልክ ካሜራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ካሜራው በሴኮንድ 30 ያህል ምስል ብቻ የሚያነሣ ከሆነ በሺህ ጊዜ የሚርገበገብን አምፖል እንዴት ያነባል? ምስጢሩ ድክመት ከሚመስል ጠባዩ ውስጥ ነው። የስልኮቻችን ካሜራ ምስሉን በአንድ ቅጽበት አይዘውም፤ መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች እያነበበ ነው የሚሄደው። አንድ ምስል 1,080 መስመር ቢኖረውና ንባቡ የሴኮንድ አንድ ሠላሳኛ ቢፈጅ፣ ለአንድ መስመር የሚደርሰው ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ 31 ያህሉ ነው። አምፖሉ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ቢርገበገብ፣ ሲበራ 16 ያህል መስመር ብሩህ ይሆናል፤ ሲጠፋ 16 ያህል መስመር ይጨልማል። በምስሉ ላይ እንደ ጥለት የተደረደሩ ብሩህና ጥቁር ሰንበሮች ይወጣሉ። የሰንበሮቹ ስፋትና ቅደም ተከተል መልእክቱ ነው። በመብራት ሥር ቪዲዮ ስታነሡ የሚያስቸግራችሁ የሚንቀሳቀስ ጥቁር ሰንበር የዚሁ ነገር ሌላ ገጽታ ነው። ዊሎቢ ስሚዝ ጣጣ ያለው ነገር ለቤል ጆሮ እንደሆነለት ሁሉ፣ ፎቶ አንሺ የሚያማርርበት ሰንበር ለመሐንዲሶች ፊደል ሆነላቸው።

ነገሩ ከቤተ ሙከራም ወጥቷል። በ2015 በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ በአንድ ካርፉር ገበያ ውስጥ ፊሊፕስ የሠራቸው 800 ያህል መብራቶች ተተክለው እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር በብርሃኑ ይልክ ነበር። የገበያተኛው ስልክ በካሜራው ቁጥሩን አንብቦ የት መደርደሪያ ጋ እንደቆመ ያውቃል፤ የጂፒኤስ ምልክት በማይገባበት ሕንፃ ውስጥ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በ2018 የወጣው የአይ.ትሪፕል.ኢ. ደረጃም ካሜራን እንደ መረጃ ተቀባይ አካትቷል። ብርሃን ግድግዳ ስለማያልፍ ከውጭ የሚያዳምጥ ሰው አያገኘውም። የጎደለውም ግልጽ ነው፤ በካሜራ የሚነበበው መረጃ ከዋይፋይ ጋር ሲወዳደር እጅግ ትንሽ ነው፤ ስልኩም መብራቱን ማየት አለበት። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ለብቻው የተሠራ የብርሃን ተቀባይ ይጠቀማል። ካሜራው ግን አንድ ነገር ይበልጣል፤ ቀድሞውኑ በሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ።

በዋሽንግተን ያላችሁ ወይም ለጉብኝት የምትመጡ፣ ቴይንተር ጣሪያው ላይ የቆመበት ፍራንክሊን ትምህርት ቤት በ13ኛውና በኬ መንገድ ማዕዘን እስከ ዛሬ ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ ከ2020 ወዲህ የቋንቋ ሙዚየም ሆኗል። የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትፈልጉ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ተማሪዎችም ይህን ጉዳይ አስቡበት። አንድ ኤል.ኢ.ዲ.፣ አንዲት ርካሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳና በእጃችሁ ያለው ስልክ ለመጀመር ይበቃሉ። ቤል ደመና በመጣ ቁጥር ሥራውን ያቋርጥ ነበር፤ እናንተ ማታም ልትሠሩበት ትችላላችሁ።